ለሁለት ሰው የመጣ ቁርስ

ወልቂጤ፣ የካቲት 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ዘይባ፣
ቡታጅራ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበቱ? ልጆቹስ? ዐረፋው እንዴት አለፈ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከናፍቆትዎ በቀር ምንም የለብኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ጋሼ ሸምሶ እኔን ካገቡ ወዲህ እኔና እርስዎ የተያየነው ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ ውሸት ይመስልብኛል ብዬ ተውኩት።

ሾፌሩ ዱባለ ያስያዙትን ቃል አድርሶልኛል። ከጭነት መኪናው እንደወረደ፣ ገና ቆዳውን ሳያራግፍ፣ «ትልቋ እመቤት እውነት ነው ወይ ብለዋል» አለኝ። እውነት ነው። መደበቄ አይደለም፤ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ ጨንቆኝ ነው የዘገየሁት። ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጋሼ ቆዳ የሚገዙት ግሪኩ ሙሴ ያኒ ዓመቱ ስለቀናቸው ደስ ብሏቸው፣ «ሚስትህን ይዘህ አራት ቀን እረፍ» ብለው አዲስ አበባ በባለ ሰባት ፎቁ ሆቴል ክፍል ያዙላቸው። ሙሴ ያኒ «ሚስትህን» ሲሉ ስንት እንዳሏቸው አልጠየቁም። ያን ሰሞን ደግሞ ተራው የኔ ስለነበር ጋሼ እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሆቴሉ እንዴት ነበር ላሉት ምን ልበልዎ? አልጋው ሲተኙበት ሰው ይሰጥማል። ሙቅ ውሃ ከግድግዳ ይወጣል። አስተናጋጆቹ ነጭ ጓንት አድርገው እጅ ይነሳሉ። አራቱንም ቀን እጅግ ደስ ብሎን ነበር። ከዚህ በላይ መጻፍ ለሴት ልጅ ነውር ነው።

አክባሪዎ ሰፍያ

ደብዳቤውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። እስከ አምስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ጸሐፊ አያስፈልገኝም።


ቡታጅራ፣ የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ሰፍያ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአራት ሌሊት ተራ ስለመጠየቅ

አመልካች ወይዘሮ ዘይባ፣ የአቶ ሸምሶ ሕጋዊ ባለቤት፣ ነዋሪነቴ በቡታጅራ ከተማ የሆነ፣ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ይህን አናቱ ላይ ያለውን ያረጋል ነው የጻፈው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ የሚጽፍ የሰሜን ሰው ነው፤ ሰላምታ እንኳ ሲጽፍ ክስ ይመስልበታል። «የምትይውን ሁሉ እጽፋለሁ፣ አንዲት ቃል አልጥልም» ብሎኛል። እስቲ እናያለን።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቆዳ ቆዳ ይሸታል፤ ዱባለ ከጭነቱ ሥር ሸጉጦት ነው የመጣው። መጀመሪያ ለያረጋል ሰጥቼ አስነበብኩት። «ሲተኙበት ሰው ይሰጥማል» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳል ያዘው። ስለዚህ እቤት ወስጄ ለልጄ ለከድጄ እንደገና አስነበብኳት፤ እሷ ልጅ ናት፣ አትስልም።

ስሚ ሰፍያ። ቀንቻለሁ። ያረጋል «ይህማ አይጻፍም» ይለኛል፤ ጻፈው አልኩት። ሲያገባሽ ዝም አልኩ፤ ሸሪዓው ፈቅዶለታል። ቤት ሲሠራልሽ ዝም አልኩ፤ የኔም ቤት ቆርቆሮ ነው። ነገር ግን ይህ ሰው በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ እኔን ወስዶ ያሳየኝ ሩቅ አገር ቢኖር የዝዋይ ገበያን ነው፤ እሱንም በርበሬ ልናራግፍ ሄደን። ጥሬ ቆዳ በጀርባዬ አውርጄ፣ ጨው ነስንሼ፣ ነጋዴ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንቺ የደረስሽው እጁን ከታጠበ በኋላ ነው።

ደግሞ «ጸሐፊ አያስፈልገኝም» ብለሽኛል። ደርሶኛል።

ሸምሶን ሼህ ሙሀመድአወል ፊት አቆምኩት። «ለአንዷ ያደረግኸውን ለሌላዋ ማድረግ ግዴታህ ነው» አሉት። አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። መጋቢት አጋማሽ ላይ አራት ቀን ይወስደኛል፤ እዚያው ሆቴል፣ እዚያው ክፍል። እዚያው ክፍል ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ የምሄደው በግሪክ ግብዣ ሳይሆን በባሌ ኪስ እንደሆነ እንድታውቂው ይሁን።

አሁን መልሺልኝ። የክፍሉ ቁጥር ስንት ነው? ምን ይዤ ልሂድ? ከዚያስ ምን አመጣሽ?

የአመልካች የጣት አሻራ
ዘይባ


ወልቂጤ፣ መጋቢት 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ዘይባ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን ተራዎ ደረሰ። ቀንቻለሁ ያሉትን አንብቤ አለቀስኩ፤ ከንዴት ይሁን ከሐዘን እኔም አላውቀውም። እትዬ፣ እርስዎ አራት ልጆች አለዎት። እኔ የለኝም። ጋሼ እኔ ጋ መጥተው ክትፎ ሳቀርብላቸው፣ ቀምሰው «የዘይባ ቅቤ» ይላሉ። የዘይባ ቅቤ ምን እንደሆነ ግን አይነግሩኝም። የሚያስቀናውማ ብዙ ነው።

ክፍሉ ቁጥር 412 ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ቆጮ ይያዙ። ሥጋውን ማን እንዳረደው ስለማይታወቅ እኛ የምንበላው እምብዛም የለም። ሚጥሚጣም በመሐረብ ቋጥረው ይያዙ፤ የፈረንጅ ሾርባ ምንም ምንም አይልም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ዝቅ ያለች ነጭ ገንዳ አለች፤ ለሶላት ውዱእ የተሠራች ናት። እግር ለመታጠብ እንዴት እንደምትመች! ፈረንጅ ለእስላም ይህን ያህል ያስባል ብዬ አላስብም ነበር።

ከዚያ ያመጣሁት ሁለት ሳሙና ብቻ ነው፤ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለሉ፣ አንዱ የኔ አንዱ የጋሼ። ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ሁለቱም አለቁ።

ስለ አልጋው ብዙ አልጨምርም። እርስዎም ሄደው ያዩታል።

አክባሪዎ ሰፍያ


ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ሰፍያ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከሆቴል በደህና ስለመመለስ

ያረጋልን ሰላምታውን ዝለለው ብዬዋለሁ። ደህና መሆንሽን ዱባለ ነግሮኛል።

ሄጄ መጣሁ። አራት ቀን፣ ቁጥር 412። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፤ እንዲያውም አሳንሰሽዋል። አልጋው ጥሩ ነው። ውሃውም ጥሩ ነው። ላማ ብዬ አይደለም እንጂ፣ ውሃው መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ቀጥሎ ይቀዘቅዛል፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ እጁን ሲከት ያኔ ይፈላል። ሳምንቱን እጄን ቅቤ ስቀባ ነው የከረምኩት። ይህን አንቺ አልጻፍሽልኝም።

ሊፍት የሚሉት ሳጥን በሁለተኛው ቀን ከነሰዉ መሃል ላይ ቆመ። አብሮኝ አንድ ጣሊያን ነበር። እኔ ከቁርአን ያሲንን ስቀራ እሱ ሲሳደብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ከዚያ ወዲህ በደረጃ ነው የወጣሁት። አራት ፎቅ ነው ሰፍያ፤ እኔ እንደ አንቺ ሃያ ዓመቴ አይደለም።

ቆጮዬን በኮባ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ክፍል የምታጸዳው መሰለች የምትባል ልጅ «የበሰበሰ ነገር ነው» ብላ ጣለችው። ያን የመሰለ፣ ጉድጓድ የከረመ ቆጮ! ከዚያ በኋላ የቀረኝ ዳቦና እንቁላል ነው። ዳቦዋን ወደ መስኮት ብታነሻት ማዶው ይታይባታል። ቂብላው ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በሆቴሉ ሁሉ ጠፍቶ ሦስት ቀን ወደ ቁም ሳጥኑ ሰገድኩ።

ያቺ የውዱእ ገንዳሽ ደግሞ ለእግር ሳይሆን ለየትኛው ገላ እንደተሠራች መሰለች ነግራኛለች። ለያረጋል አልናገርም። አላህ ሶላታችንን ይቀበለን።

ከሁሉ ያናደደኝ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ነው። የልጆቼን አባት ኮት ሲቀበለው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ሰቀለው። ሱፍ ኮት ነው፤ ለዐረፋ ያሰፋሁለት። ሸምሶ አይቷል።

ይህን ሁሉ የምልሽ ለወሬ ነው እንጂ ደስ ብሎኝ ነው የከረምኩት። የልጆቼ አባት ከአጠገቤ ለአንድ አፍታ አልተለየም። እንደ ሙሽራ ነው የያዘኝ። ያረጋል ቀና ብሎ አየኝ፤ ይየኝ። ሁለቱን ሳሙናም አምጥቻለሁ፤ ሳጥኔ ውስጥ ናቸው።

ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ እኔ እዚያ በነበርኩበት ሳምንት አንቺ ወልቂጤ ነበርሽ ወይ? ሁለተኛ፣ አንቺ በሄድሽ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ቁርሱ የሚመጣው ለስንት ሰው ነበር? የበላውስ ማን ነው? ያረጋል «ይህ ምን ጥያቄ ነው» ይለኛል። የሱ ሥራ መጻፍ ነው።

የአመልካች የጣት አሻራ
ዘይባ


ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ዘይባ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን በደህና ተመለሱ። እጅዎ ዳነልዎ? ስለ ገንዳዋ እዚህ ያለ የጤና ረዳት ሚስት ጠይቄ ተረዳሁ። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ።

ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ወልቂጤ ነበርኩ። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ሐሙስ ከዱባለ ጭነት የተረከብኩትም እኔው ነኝ። ለምን ጠየቁኝ?

«ከአጠገቤ ለአንድ አፍታ አልተለየም» ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ስለዚህ ደስ ብሎኛል።

ቁርሱ የሚመጣው ለሁለት ሰው ነው። በትልቅ የብር ትሪ ሁለት እንቁላል ለኔ፣ ሁለት ለጋሼ፣ ዳቦ፣ ማርማላታ፣ ሻይ። ጋሼ የራሳቸውን ጨርሰው የኔንም እየቀሙ ይበሉብኝ ነበር። እንዴት እንደሳቅን! እንቁላል ሲወዱ!

አክባሪዎ ሰፍያ


ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ሰፍያ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንቁላልን ስለሚመለከት

ሸምሶ እንቁላል አይበላም።

ያረጋል ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ እያለኝ ነው። ትንሽ ታገስ፣ እየተነፈስኩ ነው አልኩት።

በልጅነቱ አንድ ጊዜ አሞት ነው ይላሉ፤ እኔ ሳገባው ጀምሮ እንቁላል ሲጠበስ ከሸተተው ከቤት ይወጣል። ልጆቼ እንቁላል የሚበሉት እሱ አንቺ ጋ ሲሄድ ነው። አንቺ ጋ የሚሄድበትን ቀን ደስ ብሏቸው የሚጠብቁትም ለዚሁ ነው፤ ይህንንም እወቂው። ሦስት ዓመት ሚስቱ ሆነሽ ይህን አላወቅሽም። እንኳንም አላወቅሽ። ደስ ብሎኝ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሳቄ ግን አልቆየም። እሱ ካልበላ እንቁላሉን ማን በላው? እኔ የምለው እሱ በዚያ ክፍል አልነበረም ነው። ካልነበረ የት ነበር? ያረጋል ብዕሩን አቁሞ ያየኛል። እኔ ይህን የምጠይቅሽ ላዋርድሽ ፈልጌ ብቻ አይደለም። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ግን ወንድ ፊት ተቀምጬ ለወንድ እጅ አልናገርም።

እውነቱን ብቻ ጻፊልኝ። ለኔ ብለሽ አታሳምሪው።

ከሰዓት በኋላ ከድጄ ፊደል ታስቆጥረኛለች። እስከ «ሰ» ደርሻለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

የአመልካች የጣት አሻራ
ዘይባ


ወልቂጤ፣ ግንቦት 13 ቀን 1964 ዓ.ም.

እትዬ ዘይባ፤

አሰላሙ አለይኩም። ይህን ደብዳቤ ያረጋል እንዳያነበው እለምንዎታለሁ፤ ከድጄ ታንብብልዎ። እሷም ባታነበው ደስ ባለኝ።

ዋሽቻለሁ። እንቁላሉን የበላሁት እኔ ነኝ። አራቱንም ቀን ሁለቱንም ቁርስ እኔ ብቻዬን በላሁ። አንዱ ሳይነካ ቢመለስ አስተናጋጁ ባሏ ጥሏት ሄደ ብሎ ያወራብኛል ብዬ ነው። ማርማላታ አልወድም፤ እሱንም በላሁ። በአራተኛው ቀን አቅለሸለሸኝ።

ጋሼ አላደሩም። ክፍል ያስገቡኝና «ጉዳይ አለኝ፣ መጣሁ» ብለው ይወጣሉ። የሚመጡት በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። አልጋው ይሰጥማል ያልኩት እውነት ነው፤ በኔ በኩል ብቻ ሰምጦ በሳቸው በኩል እንደተነጠፈ ያድራል። ምንም አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቅ ይነግሩኛል ብዬ ፈራሁ።

እርስዎ ጋ የሄዱ መስሎኝ ነበር። በዱባለ መኪና ቡታጅራ አድረው የሚመለሱ። መንገዱን በልቤ ስንት ጊዜ ለካሁት፤ ይደርሳል እል ነበር። እኔን እንደ ዕቃ ሆቴል አስቀምጠው ከዘይባ ቅቤ ያልተለዩ መሰለኝ። ለዚያ ነው በመጀመሪያው ደብዳቤ እንደዚያ የጻፍኩት። እንዲያምዎ ፈልጌ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

የእንቁላሉ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ግን ዱባለን ያዝኩት። መሐላ አለብኝ አለ። እህል አቀረብኩለት፣ ለመንኩት፣ አለቀስኩበት። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ የትም አልሄዱም። እኔ ጭነት ላነሳ ንጋት ላይ መርካቶ የቆዳ መጋዘኑን ሳንኳኳ የሚከፍቱልኝ እሳቸው ናቸው። እዚያው ቆዳው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ነው የሚያድሩት። የሆቴሉ በረኛ ኮታቸውን ሲይዝ ፊቱን አዞረ፤ እሳቸውም እኔ የምሸት ሰው ነኝ፣ እዚያ ነጭ አንሶላ ላይ ልተኛ ምን አቀበጠኝ አሉኝ። ሴቲቱ እንዳታፍርብኝ አሉ።»

ይህን ሲነግረኝ ቆሜ ቀረሁ። እኔ እኮ ሽታቸውን አንድ ቀን እንኳ አላማረርኩም። ግን አልሸተተኝም ብዬም አልነገርኳቸው።

እትዬ፣ እርስዎ ጋ ግን አድረዋል። ከአጠገቤ ለአንድ አፍታ አልተለየም ብለው ጽፈውልኛል። በዚያው ክፍል፣ በዚያው አልጋ፣ ያ በረኛ ኮታቸውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎም እንኳ ለእርስዎ ሲሉ አድረዋል። ከእርስዎ አያፍሩም። እኔ ያኔም አውቀው ነበር፤ አሁን ደግሞ በጽሑፍ አገኘሁት። አልክድም፣ ያመኛል። እርስዎን ነው የሚወዱት።

ሳሙናው አልቋል ያልኩዎትም ውሸት ነው። የኔን ተጠቀምኩበት። የሳቸው ወርቃማ ወረቀቱ እንዳለ ሳይከፈት አለ። ለኔ ማየቱ ከበደኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ለእርስዎ ይገባል።

ሰፍያ


ቡታጅራ ነሐሴ 9 1964

ሰፍያ

ይህን ያረጋል አልጻፈውም። ከድጄም አላየችውም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስለቆየሁ ይቅር በይኝ። ፊደሉ ብዙ ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። አሸንፌሽ እቀር ነበር። ሁለት ወር ዝም ልበል አልበል ስል ከረምኩ።

በዚያ ሳምንት አንቺ ጋ የሄደ መስሎኝ ነበር። ወልቂጤ ነበርሽ ወይ ያልኩሽ ለዚያ ነው።

በ412 አራቱንም ጠዋት ብቻዬን ነው የነቃሁት። ሁለቱንም ቁርስ እኔም በላሁ። ስንት እንቁላል።

ከኔ ምን አሳፈረው። ቆዳውን አብሬው ተሸክሜያለሁ። እኔም እኮ እሸታለሁ።

ባንቺ መቅናት ትቻለሁ ብል ውሸት ነው። ግን አሁን ከሁሉ የምቀናው በዚያ ቆዳ ነው።

ሲመጣ አልጠይቀውም። አንቺም አትጠይቂው። ሽታህ አይሸተኝም በይው። እኔም እለዋለሁ።

ቅቤውን በኮሰረት ነው የማነጥረው። ኮሰረቱን በዱባለ ልኬልሻለሁ።

ሳሙናሽ ደረሰኝ። ከኔዎቹ ሁለቱ ጎን አስቀመጥኩት። የኔዎቹም አልተከፈቱም።

ዘይባ